ከሊማሊሞ እስከ መርከብ ሞተር ክፍል

ሊማሊሞን በስሙ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በዓይኑ ያላየውም ቢሆን ስለ ጠመዝማዛው፣ ስለ ገደሉና ስለ ጉሙ ሰምቷል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ከደባርቅ ወጣ እንዳሉ ደጋው ድንገት ያልቅና መሬቱ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ሰማያዊ ጭጋግ የለበሱ አምባዎች እስከ ተከዜ ማዶ ተደርድረው ይታያሉ። ስለዚህ ቦታ ውበት ብዙ ተብሏል። ሊማሊሞ የባሕር መንገድ እንደነበረ ግን ብዙም አይነገርም።

ከገደሉ አፋፍ ባሕር አይታይም። ነገር ግን ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከምጽዋ ወደብ የሚመጣው ነጋዴ፣ መነኩሴና መልእክተኛ በአድዋ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሊማሊሞ ዳገት ነበር የሚወጣው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1769 ምጽዋ ወርዶ በየካቲት 1770 ጎንደር የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ከጓዙ መካከል ኳድራንት የተባለ ከባድ መሣሪያ ነበር፤ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ እየለካ ያለበትን ቦታ የሚያውቅበት። በመርከብ ላይ ለመኮንንነት የሚፈተን ወጣት ዛሬም፣ በሳተላይት ዘመን፣ በፀሐይና በከዋክብት ቦታውን ማግኘት ይችል እንደሆነ ይጠየቃል።

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጣሊያኖች ገደሉን ፈልፍለው የመኪና መንገድ አወጡበት። ዛሬ በዚህ አካባቢ ተወልዶ ባሕርን ሥራው ማድረግ የሚፈልግ ወጣት ግን ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሰሜን አይደለም። ሊማሊሞን በጀርባው ትቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጣና ዳር ይሄዳል። ይህን ነገር በቅርበት እንዳየው ያደረገኝ ዳባት የምትገኝ አንዲት ቤት ናት።

ዳባት፦ «ምን ይሆናል?»

ከጎንደር ማለዳ ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ዳባትን ሳይነካ አያልፍም። መንገዱ በወገራ ደጋ ላይ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ የገብስና የባቄላ ማሳ ነው። ፀሐይ ወጥታም ብርዱ ጋቢ አያስጥልም።

አክስቴ የሚኖሩት እዚህ ነው። ልጃቸው በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ ቆይቷል። አሁን የመርከብ መኮንን ለመሆን አስቧል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አክስቴ ወደኔ ዞሩ።

«እስቲ የኔ ልጅ፣ አንቺ የከተማ ሰው ነሽ። ይኸ ልጅ መርከብ ላይ እወጣለሁ ይለኛል። ጣናን እንኳ ያየው አንዴ ነው። መርከብ ላይ ወጥቶ ምን ይሆናል?»

ልጁ አቀርቅሮ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። እንደ እሳቸው «ምን ይሆናል?» ብለው ሳይጠይቁ ልጆቻቸውን የሚልኩ፣ ገንዘብም የሚከፍሉ ወላጆች አሉ። ለእሳቸው ያስረዳሁትን፣ ዘመዴም እየጨመረ ያረመኝን፣ ለእናንተም ላካፍል።

በአንድ ትልቅ የንግድ መርከብ ላይ መኮንን የሚባሉት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ላይኛው ክፍል ላይ ሆነው መርከቡን የሚመሩት ናቸው፤ ሦስተኛ መኮንን፣ ሁለተኛ መኮንን፣ ዋና መኮንን እያሉ ካፒቴንነት ይደርሳሉ። ሁለተኞቹ ከታች ሞተር ክፍል ያሉት መሐንዲሶች ናቸው፤ የእነሱ መሰላል የሚያልቀው ቺፍ ኢንጂነር ላይ ነው። የኤሌክትሪኩንና የመቆጣጠሪያውን ሥርዓት የሚይዝ ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰርም አለ። ከእነዚህ ውጭ ያሉት መርከበኞች እንጂ መኮንኖች አይደሉም። ልዩነቱ በደመወዝም፣ በኃላፊነትም፣ በወረቀትም ነው።

አክስቴ ይህን ሰምተው «እንዲያ ከሆነ የኔው ታች ነው» አሉ። ልክ ነበሩ። ለሜካኒካል ምሕንድስና ምሩቅ የሚቀርበው በር ሞተር ክፍሉ ነው።

ደባርቅ፦ ፈቃድ የሌለው አይመራም

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ነፋሷ የሚያንገበግብ ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚህ ስለሆነ ጎብኚ ሁሉ እዚህ ይቆማል። ይመዘገባል፣ መግቢያውን ይከፍላል፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፣ አስጎብኚም ይቀጥራል። ተራራውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ እረኛ በየመንደሩ አለ፤ ሆኖም እንግዳ ይዞ ለመግባት ማወቁ ብቻ አይበቃም። ሠልጥኖ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ከመስከረም ማብቂያ በኋላ ያሉት ወራት ሜዳው አረንጓዴ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ሌሊቱ ግን በማንኛውም ወር ይበርዳል፤ ለልጆች ወፍራም ልብስ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ።

ሰሜን ተራሮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በዚያው ዓመት በለንደን የመርከበኞችን ሥልጠና፣ የብቃት ማረጋገጫና የጥበቃ ተራ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ። በምሕፃሩ ኤስ.ቲ.ሲ.ደብሊው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ማኒላ ላይ በሰፊው ተሻሽሏል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አገር በራሱ መንገድ መኮንን ያደርግ ነበር። አሁን አነስተኛው መስፈርት ለፊሊፒንሱም፣ ለኖርዌዩም፣ ለዳባቱም ልጅ አንድ ነው።

መስፈርቱ ከወንበር ትምህርት ይልቅ ጊዜን ይቆጥራል። የመርከብ መሪ መኮንን ለመሆን ዕድሜ ከ18 ማነስ የለበትም። በተፈቀደ የሥልጠና ፕሮግራም ውስጥ ያለፈ ካዴት ቢያንስ 12 ወር ባሕር ላይ ማገልገል አለበት፤ በዚያ ፕሮግራም ካላለፈ 36 ወር። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩን በመኮንን ሥር ሆኖ የጥበቃ ተራ ሊቆም ይገባል። ለሞተር ክፍሉ መሐንዲስም የወርክሾፕና የባሕር ላይ ልምምዱ ተደምሮ ከ12 ወር አያንስም፤ 6 ወር የሞተር ክፍል ጥበቃም አለበት። የሠራው ሁሉ በሥልጠና መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ በመርከቡ መኮንን ይፈረማል። ያልተፈረመ ቀን እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ከዚያ በላይ ለመውጣትም መሰላሉ ይኸው ነው። በትልልቅ መርከቦች ላይ ዋና መኮንን ወይም ሁለተኛ መሐንዲስ ለመሆን በመኮንንነት ቢያንስ 12 ወር ማገልገል ይጠይቃል። ካፒቴን ወይም ቺፍ ኢንጂነር ለመሆን 36 ወር፤ በሁለተኛው ደረጃ 12 ወር የሠራ ከሆነ ግን 24 ወር ይበቃዋል። የሚቆጠረው የባሕር ላይ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቤት የተከረመበት ዕረፍት አይገባም። ምስክር ወረቀቱም የዘላለም አይደለም። በየ5 ዓመቱ ብቃቱን አሳይቶ ያሳድሳል።

ሊማሊሞ፦ የቃል ፈተናው

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርድ አንድ አይሱዙ አገኘንና ዘመዴና እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥን። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሾፌሩ ማርሽ ቀነሰ። ፍሬን ላይ እግሩን አልጫነም። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ያዘው።

«አየሽ» አለኝ ዘመዴ በጆሮዬ፣ «ፍሬኑን ቢጠቀም ከሦስት ኩርባ በኋላ ይግልና እምቢ ይለዋል። ይኼንን በፈተና ቢጠይቁት ላይመልስ ይችላል። እጁ ግን ያውቀዋል።»

በየኩርባው ከታች የሚመጣ ሲኖትራክ ሲታይ ሾፌራችን ጥግ ይይዛል። የሚወጣው ጭነት ይዞ ከቆመ እንደገና መነሳት ይከብደዋልና ቅድሚያ ለእሱ ነው። በባሕርም እንዲሁ ያለ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የግጭት መከላከያ ደንብ መሠረት ሁለት ባለሞተር መርከቦች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። መንገዳቸው ከተቋረጠ ደግሞ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው ይለቃል። ሌሊት ማን በየት በኩል እንዳለ የሚታወቀው በመብራት ነው፦ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ ከኋላ ነጭ። የመርከብ መሪ መኮንን እነዚህን ሕጎች እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞ ፈታኙ ፊት ይቀርባል።

በብዙ አገሮች ፈተናው በጽሑፍ አያበቃም፤ የቃል ፈተናም አለው። ብዙ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ካፒቴን ወይም ቺፍ ኢንጂነር ተፈታኙን ፊት ለፊት አስቀምጦ ይጠይቀዋል። ጥያቄው «ይህ ምንድን ነው?» ከሚለው ይልቅ «ይህ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነው። ለምሳሌ፦ ሌሊት ተራ ላይ እያለህ የመርከቡ መብራት በሙሉ ጠፋ፤ ምን ታደርጋለህ?

ሶላስ በተባለው የባሕር ደኅንነት ስምምነት መሠረት ዋናው ኃይል ሲቋረጥ የአደጋ ጊዜው ጄኔሬተር በራሱ ተነስቶ በ45 ሰከንድ ውስጥ ኃይል መስጠት አለበት። መሐንዲሱ ይህን ማወቅ አለበት። ካልተነሳ ምን እንደሚያደርግ፣ መጀመሪያ ማንን እንደሚያሳውቅ፣ የትኛውን መሣሪያ ቀድሞ እንደሚመልስም እንዲሁ። 45 ሰከንድ በሊማሊሞ ቁልቁለት ከአንዱ ኩርባ ወደ ሌላው የሚያደርስ ጊዜ ነው። ዝም ብሎ ለሚጠብቅ ረጅም ነው፤ ለሚደናገጥ አጭር።

ከሁሉም በፊት ግን አራት መሠረታዊ የደኅንነት ሥልጠናዎች አሉ። እነሱም በባሕር ላይ ሕይወትን ማትረፍ፣ እሳት መከላከልና ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ፣ የግል ደኅንነትና ማኅበራዊ ኃላፊነት ናቸው። ሠልጣኙ የመተንፈሻ መሣሪያ አድርጎ ጭስ የሞላበት ክፍል ይገባል። ከከፍታ ውኃ ውስጥ ይዘላል፣ የተገለበጠ የሕይወት ጀልባ ያቃናል፣ ያለ ሕይወት ማዳኛ ጃኬትም ውኃ ላይ ይንሳፈፋል።

ዘመዴን ያሳሰበው ይህ ነው። ወንዞቹ ሁሉ በገደል ሥር በሚፈስሱበት አገር ያደገ ልጅ ዋና ከየት ይማር? ቴርሞዳይናሚክሱን አልፎታል። የሚያስፈራው ውኃው ነው።

ባሕር የሌላት አገር መርከበኞች

ኢትዮጵያ መርከበኛ ማሠልጠን የጀመረችው ዛሬ አይደለም። የባሕር ኃይሏ መኮንኖች በምጽዋ ኮሌጅ ይማሩ ነበር። የንግድ መርከብ ድርጅቷ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ አገር ስትሆን የባሕር ዳርቻው ቢቀርም መርከቦቹ አልቀሩም። ጊቤና ሸበሌ ወንዞቻችንን፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ከተሞቻችንን ይዘው በዓለም ወደቦች ተጠርተዋል።

ዛሬ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ነው። የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ምሩቃንን እየተቀበለ የመርከብ መሐንዲስና የኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንን እንዲሆኑ ያዘጋጃል። ከዚያ የወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ የባቦጋያ አካዳሚ አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ጨው የሌለው ውኃ ነው። መሐንዲሶቹ ግን ሥራቸው ከሞተር ጋር ነው፤ ሞተር ደግሞ ደጋ ላይም ያስተምራል። በሊማሊሞ ዳገት የሚያቃስተው ናፍጣ መኪና አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ለምን እንደሚቀንስ ያወቀ ልጅ ስለ ቱርቦቻርጀር ግማሹን ትምህርት ጨርሷል።

ልዩነቱ በመጠን ነው። የትልቅ መርከብ ዋና ሞተር እንደ ፎቅ ቤት ይቆማል። በደቂቃ 100 ያህል ጊዜ ብቻ ይዞራል። ብዙዎቹ ማርሽ የላቸውም፤ መርከቡ ወደ ኋላ እንዲሄድ ሲፈለግ ሞተሩ ቆሞ በተቃራኒው እንዲዞር ይነሳል። ክፍሉ ሞቃት ባሕር ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ለደባርቅ ልጅ ይህ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ወላጅ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች

የአክስቴን ጥያቄ በሦስት ከፍዬ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ምን ያህል ጊዜ ይርቃል? ውሉ እንደ ኩባንያውና እንደ ደረጃው ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 9 ወር ነው። ፋሲካ፣ ሠርግና ለቅሶ ያመልጣሉ። መርከበኛ ልጅ ያለው ቤት ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ያደክሙታል ወይ? ሕጉ በየ24 ሰዓቱ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን ደግሞ 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ያዛል። የዕረፍት ሰዓቱ ተመዝግቦ ይያዛል፤ ወደብ ላይ የሚመጣ ተቆጣጣሪም መዝገቡን ይመረምራል። ሕግ መኖሩ ሥራውን ቀላል አያደርገውም፤ መብቱን ያወቀ ልጅ ግን ያልተኛበትን ሌሊት «ተኝቻለሁ» ብሎ አይፈርምም።

ሦስተኛ፣ ለማን ነው የምንከፍለው? እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት መርከበኛን ለማስቀጠር ተብሎ ከመርከበኛው ክፍያ መቀበልን ይከለክላል። ፓስፖርት፣ የመርከበኛ መታወቂያ ደብተርና የሕክምና ወረቀት የራሱ ወጪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ «ቦታ አስይዝልሃለሁ» የሚል ደላላ ግን ከሕጉ ውጭ ነው። የአምስት ቀን የደኅንነት ኮርስ ሰርተፊኬት ይዞ «መኮንን ሆነሃል» የሚል ካለም ከላይ ያየነውን 12 ወር ጠይቁት። የሥልጠና ክፍያ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ከመፈረም በፊት ውሉን አንብቡ። ማሠልጠኛውና ምስክር ወረቀቱ የታወቁ መሆናቸውን ከኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን አረጋግጡ።

ሴት ልጅ ያላችሁም ይህ ገጽ አይለፋችሁ። በዓለም የንግድ መርከቦች ላይ ካሉት ሠራተኞች ሴቶች ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም። መስፈርቱ ግን ለወንድና ለሴት ሁለት ዓይነት ሆኖ አልተጻፈም። ያው ወር፣ ያው መዝገብ፣ ያው የቃል ፈተና ነው።

ዛሪማ፦ ቆላው ላይ

ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደን ዛሪማ ስንደርስ ጠዋት የለበስነው ሹራብ ጉልበታችን ላይ ነበር። ገብሱ ቀርቶ ማሽላ፣ ጽዱ ቀርቶ እሾሃማ ግራር ሆኗል። ሾፌሩ ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ዳሰሰ። የፍሬን ሽታ የለም። ጎማው አልጋለም። ሻይ አዘዘ።

ዘመዴ ወደመጣንበት ገደል አንጋጦ እያየ የሚያስፈልጉትን ወረቀቶች ቆጠረልኝ። ዲግሪ፣ ፓስፖርት፣ እንግሊዝኛ፣ ሕክምና። ከእነዚህ ሁሉ በርካሹና በፍጥነት የሚታወቀው ሕክምናው ነው፤ እሱም በሩን ሊዘጋ ይችላል። ቀይና አረንጓዴ መብራት መለየት የማይችል ሰው መርከብ መርቶ አያድርም። ሞተር ክፍል ውስጥም ሽቦና ማስጠንቀቂያ መብራት በቀለም ይለያሉ። የመርከበኛ የሕክምና ወረቀት ቢበዛ ለ2 ዓመት ብቻ የሚያገለግለውም ለዚህ ነው፤ ጤናም እንደ ብቃት በየጊዜው ይፈተናል።

«እንግዲያው ከዓይንህ ጀምር» አልኩት። «ማመልከቻውን ከመሙላትህ በፊት፣ እናትህም ላም ከመሸጣቸው በፊት።»

«ዋናውስ?»

«ዋናውን ባሕር ዳር ስትደርስ ትማራለህ።»

ስልኩን አወጣና ዳባት ደወለ። አክስቴ የጠየቁት ስለ ደመወዙ አልነበረም። «ቁልቁለቱን በሰላም ወረዳችሁ?» አሉ። ወርደናል አላቸው። ቀጥሎም ሰኞ ጎንደር ወርዶ ዓይኑን እንደሚመረመር ነገራቸው። በስልኩ ውስጥ ጥቂት ጸጥታ ሆነ፤ ከዚያ «እኔም አብሬህ እወርዳለሁ» ሲሉ ሰማኋቸው።